የሆዳን ጄኔሬተር

ባለፈው ሐሙስ ወደ ማታ፣ ዳዊቴን ደግሜ እንዳበቃሁ ከግድግዳው ወዲያ ጄኔሬተር ተነሳ... የሆዳን ጄኔሬተር። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ሆዳን ጎረቤቴ ናት። እዚህ ጅጅጋ መሀል ገበያው ላይ ቀዝቃዛ ውሃና ጁስ ትሸጣለች። የእሷን ሱቅና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በየሱቁ ደጅ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል፤ ጭሱ መንገዱን ይሞላዋል፤ ያጠብኩት ሸሚዝ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ዘንድሮ ግን አንዳንዱ ነጋዴ ጣሪያው ላይ ሶላር መትከል ጀምሯል፤ ፀሐይ እንደሆነች ጅጅጋ ላይ ሞልታለች። ሆዳንም ካስገባች ወዲህ ፍሪጇም አምፖሏም ያለ ድምፅ ይሠራሉ። እኔም እፎይ ብዬ ነበር።

ታዲያ አምፖሏ በሶላር በርቶ ይሄ ጭሳም ነገር ምን ይሠራል?

ያናደደኝ ሌላም ነገር አለ። ባለቤቴን አስካለን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካጣኋት ወዲህ ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ የውሎዬን እነግራታለሁ። ትመልስልኛለች ብዬ አይደለም... ሳልነግራት ከተኛሁ ቀኑ ያለቀ አይመስለኝም። ጄኔሬተሩ የበጠበጠብኝ ያችን ሰዓት ነው።

ወጥቼ ሄድኩ። ሆዳን በሯ ላይ ተቀምጣለች። ሶላሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ደህና ነው አለችኝ። ታዲያ ቤንዚን ለምን ታቃጥያለሽ፣ ይሄን አየር ሁላችንም አይደለን የምንስበው ብዬ ተቆጣኋት። ሻሿን አስተካከለች...

«አዴር፣ ሰዓትህ ነው ብዬ ነው» አለችኝ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። አንቱታ ባይሆንላትም ይቺ ቃል ከአንቱታ ትበልጥብኛለች።

«የምን ሰዓት?»

«ከሚስትህ ጋር የምታወራበት።»

ክው አልኩ። ለካ ከጄኔሬተር ድምፅ በላይ መጮህ ለምጄ፣ የእሷ ጸጥ ካለ በኋላም እንደዚያው እየጮህኩ ነው የማወራው። ሁሉን ሰምታለች። ጉልበቴን እንዳመመኝ፣ ልጄ ሳይደውል እንደሰነበተ... ይባስ ብሎ እሷ በሶማሌ ወግ ከሙዝ ጋር የምትልክልኝን ሩዝ ከነሙዙ መብላት እስካሁን አለመልመዴን። ሥጋ የነካው እንደማልቀምስ አውቃ ለብቻዬ የምትሠራልኝ ሩዝ ነው እኮ። ሰሞኑን ያለ ሙዝ የመጣው ለዚህ ኖሯል።

እፍረት ያዘኝ። ከእንግዲህ አፌን ከፍቼ አስካለን እንዴት እጠራታለሁ ብዬ ፈራሁ። ሆዳን ፊቴ ያስታወቃት መሰለኝ፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

«ጩኸቱ ድምፅህን እንዲሸፍንልህ፣ ሰው ይሰማኛል ብለህ ዝም እንዳትላት ብዬ ነው። እሷም ትጠብቅሃለች።»

ለሶላሩ ያን ያህል ለፍታ፣ ለእኔ ስትል ጭሱን መልሳ ልትውጥ... ምን ይባላል? ጎንበስ ብዬ ጄኔሬተሩን ራሴ አጠፋሁት።

«አስካለም ጭስ አትወድም ነበር» አልኳት። «ከሰማሽም ስሚ፤ ባዳ አይደለሽም።»

ፈገግ አለች።

ቤቴ ገብቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ጸጥታው ከበደኝ። በኋላ ግን እንደምንም ጀመርኩ። ስለ ሆዳን ነገርኳት።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ታዲያ... ስትመሰገን ከሰማች ታፍራለች።