ፌንጣና የጠፉት ሦስት ፖርቶች

የዱቄት ፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። ከቢሮ ቢሮ ስትዘል ስለምትውል «ፌንጣ» አሏት፤ እሷም ስሙን ወደደችው። እጇ ፈጣን ነው፣ ተንኮሏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። አንድ ጊዜ የሥራ አስኪያጁ ማውስ ሥር ወረቀት ለጥፋ ሰውዬው እስከ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛውን ሲፈትግ አርፍዷል።

እናቷ፣ ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ «ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ታስቀምጣለች፤ ለምን እንደሆነ እሷ ትወቀው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ያረጁትን ኮምፒውተሮች እየነቀለች፣ ሥራቸውን በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ በምናባዊ ማሽኖች ላይ ታሰፍር ነበር። ምናባዊ ማሽን አካል የለውም፤ ሥራው ግን የኮምፒውተር ነው።

በመጨረሻ የሚዛን ቤቱ ተራ ደረሰ። ስንዴ የጫኑ መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ክብደታቸውን በወፍራም ሽቦ ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይነግር ነበር። ያ አሮጌ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጭሱን ተፍቶ አረፈ። ፌንጣ አልደነገጠችም፤ ፕሮግራሙን ቀደም ብላ ወደ ምናባዊ ማሽን አዛውራዋለች። ሰርቨሩ ከግድግዳው ማዶ ነበርና ሽቦውን አሾልካ ጀርባው ላይ ሰካችው። ፕሮግራሙ ግን «ፖርት የለም» ብሎ ድርቅ አለ። ለካ ለምናባዊው ማሽን መሰኪያ አላበጀችለትም! ደጅ የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። ማሽኑን አጥፍታ፣ አንድ ሲሪያል ፖርት፣ ማለትም ምናባዊ የሽቦ መሰኪያ፣ ጨመረችለት፤ ከሰርቨሩ እውነተኛ መሰኪያ ጋር አገናኝታ መልሳ አስነሳችው። ክብደቱ ስክሪኑ ላይ ዱብ አለ።

በሪፖርቷ ላይ «አንድ ፖርት ተጨምሯል» ብላ ጻፈች፤ ሆን ብላ ሌላ ቃል አላከለችበትም። ሪፖርቱ የሚሄደው ንብረት ክፍል፣ ሁሉም «ጋሼ ንብረት» የሚሏቸው ኃላፊ ዘንድ ነው። እኚህ ሰው ቁጥር ያልለጠፉበት ነገር የራሳቸው ግንባር ብቻ ነው ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ተለጣፊ ቁጥር በጣታቸው ጫፍ ይዘው መጡ።

«የታለ?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ፖርቱ ነዋ! ልለጥፍበት።»

ፌንጣ ሳቋን ዋጠች። «ይምጡ ላሳይዎ» ብላ ለሙከራ ያስቀመጠችውን ሌላ ምናባዊ ማሽን ከፈተችላቸው። «ይኸው፣ አንድ ልጨምር?» ጠቅ። «ይደገም?» ጠቅ፣ ጠቅ። ሦስት አዳዲስ ፖርቶች ተደረደሩ።

ጋሼ አፋቸውን ያዙ። «ያለ ግዢ ጥያቄ?»

«ያለ ግዢ ጥያቄ። አሁን ደግሞ ይዩልኝ።» ሦስቱንም ሰረዘቻቸው።

«ኧረ ያለ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ!» ብለው እየተቃጠሉ ወጡ። ፌንጣ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳት። «ሦስት ፖርቶች በእጅዎ ሳሉ ስለጠፉ እስከ ነገ ጠዋት በጽሑፍ ያስረዱ። ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ።» ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ የማውሱን ነገር ገና አልረሳላትም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ አራት ገጽ ጻፈች፤ ምናባዊ ማሽን ምን እንደሆነ በሥዕል ጭምር አስረዳች።

ጠዋት ይዛ ስትገባ ንብረት ክፍል በሰው ሞልቷል። ጋሼ መነጽራቸውን ሰክተው ጮክ ብለው ያነቡት ጀመር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ለመሆኑ» አሉ ጋሼ፣ «ፖርትሽን ከእውነተኛው መሰኪያ ጋር ባታገናኚው ኖሮ፣ ማሽኑ ሚዛኑን በምን ጆሮው ይሰማ ነበር? ይህችን አልጻፍሻትም።»

ፌንጣ ክው አለች። «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ልጄ፣ የሚዛኑን ሽቦ መጀመሪያ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ያኔ ዳዴ ትያለሽ። ሰው ማሞኘት ላንቺ ብቻ ተፈቅዷል ያለሽ ማነው?»

«ግልባጩስ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

ላሞኝ ብላ ተሞኘች። ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ወዲያው ግን ከሁሉም አስበልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ፖርት በጨመረች ቁጥር በንብረት ክፍል በር አንገቷን ታስገባና «ጋሼ፣ አንድ ተወልዷል» ትላለች።

እሳቸውም ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ «ወንዴ ነው ሴቴ?» ይሏታል።