ሙሽራ ያልወረደችበት መኪና

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቢኒያም መኪና ገዛ። አዲስ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲነዳው ኖሮ የሸጠው ነው። ግን ታጥቦና ተወልውሎ ከአዲስ አበባ ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው። ባጃጆቹ ሳይቀሩ ቆመው ጡሩምባቸውን ነፉ። እኔም እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ሳበቃ አፌ አላርፍ አለኝና «ፍሬኑን አስፈትሸኸዋል?» አልኩት።

«እትዬ የሺ ደግሞ! ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ደርሼበት የለም እንዴ? ምኑ ይፈተሻል?» አለኝ እየሳቀ።

ሰዉም አብሮት ሳቀ። እኔ ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ ተናደድኩ። የተናደድኩት በቢኒያም አይደለም፤ ይህንኑ መልስ ገና ወጣት ሳለሁ ከአባቴ አፍ ስለሰማሁት ነው።

አባቴ የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ። ከቀወት ወረዳ ገበሬዎች እየገዙ ወደ ደጋው ይልካሉ። ደብረ ብርሃን ልከው መንጃ ፈቃድ ያስወጡኝ ሴት ልጅ መሪ ስትጨብጥ ማየት ስለሚወዱ እንዳይመስላችሁ፤ ሾፌር ማመን ስለማይሆንላቸው ነው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ አስተማሪ ነበር፤ መንዳት ቢሉት ያመዋል። እናም የደረጀ ሰርግ ለጥር ሲቆረጥ አባቴ አንድ ነጭ የቤት መኪና ገዝተው መጡ። ሙሽራዋን ፀዳለን ከቤተሰቦቿ ቤት ከደብረ ሲና ልናመጣበት፣ ከሰርጉ በኋላ ደግሞ ሊነግዱበት።

የንስሐ አባታችን ጠበል ረጩበት። ዘመድ መቀመጫውን እየዳሰሰ ሲያደንቅ እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። የሞተሩ ዘይት ጠቁሮና ወፍሮ ሬንጅ መስሏል። የፍሬኑ ዘይት የጠላ መልክ ይዟል። የፍሬኑን ፔዳል ስረግጠው ወዲያው አይዝም፤ ግማሽ ድረስ ሰምጦ ነው የሚይዘው። መንዳት ያስተማረኝ ሰውዬ ደጋግሞ ይነግረን የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ከእሱ በፊት ምን እንደተደረገለት ስለማያውቅ፣ ምንም እንዳልተደረገለት ቆጥሮ ይጀምር ይል ነበር። ዘይቱን ይቀይር፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ይመልከት፣ አራቱንም ጎማ አስወልቆ ፍሬኑን ያሳይ። መጀመሪያ ይህ፣ መንገድ ከዚያ በኋላ።

«አባባ፣ ሥራ ሳይጀምር ሰይድ ጋ አንድ ቀን ይዋል» አልኳቸው። ሰይድ ከከተማው መውጫ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው።

«ሰውየው ምሎልኛል እኮ።»

«ምን ብሎ?»

«አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆመብኝም ብሎ ነዋ!»

በነጋታው ወደ ሰይድ ልወስደው ቁልፉን ይዤ ስወጣ አጎቴ የሽንኩርት ጆንያዎቹን ደጃፋችን ደርድሮ ጠበቀኝ፤ አጣዬ አድርሺልኝ አለ። ከዚያ የአባቴ ወዳጅ ሐጂ ሙሄ ዘመድ ሞቶባቸው ማጀቴ ከተማ ድረስ ለቅሶ መሄድ ግድ ሆነ። አቧራውን ጠጥተን ደረስን፣ የማሽላ ቂጣ በወተት በልተን ተመለስን፤ ያም ቀን በዚሁ አለቀ። ሌላ ቀን ደግሞ እንደ ምንም አምልጬ ጋራዡ ደጅ ስደርስ ሰይድ ለጁምዓ መስጊድ ሄዷል። ቆሜ ስጠብቅ የአክስቴ ባል አይቶኝ ኖሮ መጣና፣ ሥራ ፈትተሽ ከቆምሽ ድስትና ድንኳን እናምጣ ብሎ አጠገቤ ገብቶ ተቀመጠ። ሥራ ፈትተሽ! እንዲያ ያለኝ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ነፍሱን ይማረው፤ ግን እስካሁን ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ለሁሉም ሰው የሚሆን ጊዜ የነበረው መኪና ለራሱ አንድ ቀን አጣ።

ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አባቴንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዤ ከሙሽራዋ ቤተሰብ ጋር የመጨረሻውን ለመነጋገር ደብረ ሲና ወጣሁ። ሲወጣ ደህና ነበር። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተቀምጠው የደብረ ሲና ቆሎ እየቆረጠሙ ድንኳኑ የት ይተከል በሚል ይከራከራሉ። አባቴ አጠገቤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከደብረ ሲና ወደ ቆላው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጋቢ ለብሶ የጀመረ ሰው ትንሽ እንደወረደ መስኮት ይከፍታል። እኔም ስከፍት ከሞቃቱ አየር ጋር የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለሉ ሊነካ ሲል ያዘ። ከፊቴ እህል የጫነ መኪና ያቃስታል፤ ከጎኔ ገደል ነው። ማርሽ ቀነስኩ። ሞተሩ ጮኸ። መዳፌ መሪው ላይ በላብ ተንሸራተተ። ሰፋ ያለ ቦታ እንዳገኘሁ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከኋለኛው ጎማ ጢስ ይወጣል።

«ምን ሆነ?» አሉ አባቴ ነቅተው።

«ፍሬኑ ግሏል። ይብረድ።»

«ቆላ ገብተን አይደል? እዚህ እንኳን ብረት ሰውም ይግላል» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቆሎውንም ለኔ ዘገነልኝ።

አበረድኩት፤ በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገምኩ አወረድኳቸው። ቤት እንደገባን «አባባ፣ በዚህ ፍሬን ሙሽራ አይወርድም» አልኳቸው።

«ደርሰናል አይደል እንዴ?»

«ደርሰናል።»

«እንግዲያውስ!»

ገደል ብንገባ ኖሮ ትክክል መሆኔ ይታወቅ ነበር፤ ግን የሚያውቅልኝ ሰው አይኖርም። ስለደረስን ደግሞ ተሳሳትኩ። እስከ ሰርጉ ዋዜማ ድረስ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ደረጀንም ያዝኩት። «ለሰርጌ ሟርት አታሰሚኝ» ብሎኝ ሄደ።

የሰርጉ ቀን ማለዳ መኪናው በሪባንና በወረቀት አበባ አጊጦ ቆሟል። የሐበሻ ቀሚሴን ለብሻለሁ። እንግዳው ቁርስ ላይ እያለ ሞተሩን አስነሳሁና በቀጥታ ሰይድ ጋ ወሰድኩት። «አራቱንም አውልቅ» አልኩት። ሪባኑን አየ፣ እኔን አየ። «የሺ፣ አባትሽ ያውቃሉ?» አለኝ። «ይነገራቸዋል፤ አንተ አውልቅ» አልኩት። አባቴ በጋሪ ደርሰው ሲወርዱ መኪናው ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ተጋድመው፣ ሪባኑ ብቻ በንፋስ ይውለበለባል።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። «ጠላት ያላደረገኝን አደረግሽኝ» አሉና በመጡበት ጋሪ ተመለሱ። ከአንድ ነጋዴ መኪና ለምነው ተከራዩ፤ ሪባን እንኳ ለማሰር ጊዜ አልነበረም። ሚዜዎቹ በጋራዡ በኩል ሲያልፉ ማንም ወደኔ አልዞረም።

ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ሰይድ ሲሠራ አየሁ። የፊተኞቹ ፍሬኖች ምንም አልሆኑም፤ የፍሬን ሸራቸው ገና አላለቀም። ይህን ሲነግረኝ ከጎማው ላይ ተነስቼ ቆምኩ። የኋላው ግራ ግን ሲከፈት ውስጡ በፍሬን ዘይት ረጥቧል፤ ያንጠባጥባል።

«ያወርደኝ ነበር?» አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወላሂ አላውቅም፣ የሺ። ያወርድሽ ይሆናል፣ ላያወርድሽም ይችላል። አላህ ነው የሚያውቀው።»

በቃ፤ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነው። የምትቀየረው ዕቃ ሸዋ ሮቢት አትገኝም ተባለ። ከሰዓት በኋላ የሰርጉ መኪናዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ በዋናው መንገድ አለፉ። እልልታውን ሰማሁ፤ ሙሽራዋን አላየሁም።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ አባቴ ዘመድ በተሰበሰበበት ጠሩኝ። «ተሰብሮ ነበር?»

«አልተሰበረም፤ ግን ዘይቱ…»

«ተሰብሮ ነበር ወይስ አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም።»

ዘመዶቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በአንድ ወንድሜ ሰርግ አንድም ፎቶ ላይ የለሁም። ደረጀ እስከ ፋሲካ አላናገረኝም። መኪናው ዕቃው ተቀይሮለት፣ በየጊዜው እኔው እያስፈተሽኩት ብዙ ዓመት ሽንኩርት ሲያመላልስ ኖረ፤ አንድም ቀን ጉድ አልሠራንም። አባቴ ይህንንም በእኔ ላይ አዞሩት። ሰው በመጣ ቁጥር መኪናውን በጣታቸው እያሳዩ «ይኸው፣ ምን ሆነ? በሰርግ ቀን ያዋረደችኝ በዚህ ነው» ይሉ ነበር። ደህና የሆነው ስለተፈተሸ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

አባቴ ካረፉ ቆዩ። ፀዳለ ዛሬ ልጆቿን ድራ ጨርሳለች፤ ከኔ ቤት ብዙም አትርቅም። ትናንት ጥላው ሥር ቁጭ ብለን ማንጎ እየላጥን የቢኒያምን ነገር ሳወራላት እጇ ቆመ።

«ሽማግሌዎቹን ይዘሽ ስትወርጂ የአጎቴ ልጅ በአውቶቡስ አልፏችሁ ነበር እኮ» አለችኝ። «መኪናችሁ ጥግ ቆሞ ሲጨስ አየሁ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የሰርጉ ቀን ሌላ መኪና ደጃችን ሲቆም ነው የተነፈስኩት።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም? ይህን ሁሉ ዓመት ሲያሙኝ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ?»

«ሙሽራ ምን አፍ አላት፣ የሺ? በኋላም… አባትሽን ፈራሁ፤ ከዚያ ጊዜው አለፈ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው በዚያ ቀን በኔ ምክንያት በሰላም ተንፍሷል። ደግሞም መኪናው ውስጥ የምትቀመጠው እሷ ሆና ሳለ፣ እኔን ጨምሮ ማናችንም ምን ይሰማሻል ብለን አልጠየቅናትም። ይህንን አሰብኩ፤ ማመዛዘን አያቅተኝም። ግን አንዲት ቃል፣ አባቴ በሕይወት እያሉ አንዲት ቃል ብትተነፍስልኝ! ያልደረሰን አደጋ ለሰው ማሳየት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፀዳለ ከላጠችው ማንጎ ግማሹን ቆርጣ ሰጠችኝ። ተቀብዬ በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር። ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አልወረደልኝም።