ትንፋሽ ያጠራት ሎንግቤዝ

ሮቤ ውስጥ «የመኪናዬን ኤሲ ሥሩልኝ» ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሰው መሳቂያ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ጋቢውን ደርቦ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሥራ በሚሄድበት ከተማ ተጨማሪ ብርድ የሚፈልግ ማን አለ? መካኒኩም የምለውን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ከተኛበት መኪና ስር እንኳ ሳይወጣ፣ «መምህር፣ መስኮትህን ከፍተህ እስከ ዲንሾ ንዳ፤ በነጻ ነው» አለኝ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እኔ ቱግ ባይ ነኝ፤ በተለይ እውነት ከእኔ ጋር ናት ብዬ ሳምን። ያን ቀን ግን አልተቆጣሁም። ከሦስት ቀን በፊት አባቴን ከመንገድ መልሻቸው ስለነበር ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልቀረኝም።

የሄድነው ደሎ መና፣ አክስቴ ዘንድ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አዳዳ ነው የምላት። አባቴን አንቱ፣ እሷን አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት። ከወንድም ከእህት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ በስልክ ይጠያየቃሉ። የአዳዳ አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውም እየደከመ ሄዶ፣ ሐኪሙ ዘግይተሻል አላት። በዚያ ጁምዓ ስትደውል ሰላምታውን እንኳ አላስረዘመችም። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ይህቺ የቀረችኝ ሳትጠፋ ፊትህን ልየው» አለቻቸው። 

እሷ ወደ እኛ እንዳትመጣ ደም ግፊቷ በመካከላችን ያለውን የሳነቴን ተራራ አያሻግራትም። አባቴ እንዳይሄዱ ደግሞ ሳንባቸው። የጎባው ሐኪም ሙቀትና አቧራ ከተገናኙባቸው እንደሚያፍናቸው በግልጽ ነግሮናል። እኔ ግን ቀስ ብዬ ከነዳሁ ምንም አይሆኑም ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ሳነቴን አለፍን፣ የሐረናን ጫካ ጨረስን፣ ቆላው ጀመረ። መስኮት ብከፍት አቧራው፣ ብዘጋ ሙቀቱ። ኤሲውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ግን እናት የልጇን ሾርባ የምታበርድበትን እፍታ አያህልም። የአባቴ ከንፈር ሲጠቁር አየሁ። አዳዳ ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም ነበር፤ መኪናዋን አዞርኩ።  ሪራ ላይ ደጋው ሲቀበለን የአባቴ ትንፋሽ መለስ አለና፣ «ምን እላታለሁ?» አሉኝ። 

መኪናዋ አሮጌ ሎንግቤዝ ናት። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲነዷት ኖረው፣ ጨረታ ስትወጣ ለራሳቸው ገዟት። ኤሲ እንዳላት እናውቃለን፤ ከፍቶት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። እኛ አገር ሰው ከጅብ ይልቅ የመኪና ነፋስ ይፈራል። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጣት ያህል መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ከአሥር ሰው ጋር ይጣላል። አባቴ ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ፤ «ዝጋው፣ ደረትህን ይመታሃል» የሚለው ቃላቸው ከስሜ ቀድሞ የሰማሁት ይመስለኛል። በልጅነቴ ሳነቴ ላይ የፊት መስታወቱ በጉም ሲሸፈን በጨርቅ መጥረግ የእኔ ሥራ ነበር። ስጠርግ ይመለሳል፣ ስጠርግ ይመለሳል። መኪና ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

መካኒኩ ከሳቀ በኋላ ሥራውን ጀመረ፤ ሰውየው ሲቀልድም ሲሠራም ከልቡ ነው። የኤሲው ጋዝ አልቋል ብሎ ሞላው። አየሩ ቀዘቀዘ፤ እፍታው ግን ያው እፍታ ነው። በማግስቱ የዳሽቦርዱን ኪስ አውልቆ ፋኑን አወጣው፣ ጠረገው፣ አሽከረከረው። «ፋኑ ከአንተም ከእኔም ጤነኛ ነው» አለ። መለሰው፤ አሁንም ያው። በመጨረሻ እጁን በቡትቶ እየጠረገ፣ «መምህር፣ መኪናዋ አርጅታለች። እርጅናን በጋዝ አንሞላው» አለኝ። ይህን ሲል አባቴ በራፉ ላይ ቆመው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ከቤት በእግራቸው መጥተዋል። የሰሙ መሰለኝና አፈርኩ።

ሳፍር ማስተማር እጀምራለሁ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ፋን፣ ስለ ኮምፕሬሰር ለአባቴ ማስረዳት ያዝኩ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሏል እንዲህ ነው። እሳቸው ግን አልሰሙኝም። ጎንበስ ብለው መሬቱን ያያሉ። ጊዜው የአጨዳ ነበር፤ ከጋራዡ አጠገብ ካለው የእህል መጋዘን የሚወጣው የስንዴ እብቅ ግቢውን አልብሶታል። አባቴ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው አነሱና መኪናዋ ውስጥ ገቡ።

«አስነሳት» አሉኝ። ፋኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እብቁን ከቀዳዳው ፊት ቀስ አድርገው ለቀቁት። ቀጥ ብሎ ጉልበታቸው ላይ ወረደ።

አባቴ ሹፌር ከመሆናቸው በፊት የዲንሾ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ነፋስን የሚያውቁት ከፊዚክስ መጽሐፍ ሳይሆን ከአውድማ ነው። «ገብስ ስናናፍስ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመካኒኩ፣ «እብቁ እንዲህ ከወረደ መንሻችንን አስቀምጠን እንቀመጣለን። ነፋስ የለማ! ይህቺ ጩኸት አላት እንጂ ነፋስ የላትም። ነፋስ የሚወጣው ሲገባ ነው። መግቢያዋ የት ነው?»

መካኒኩ ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ኮፈኖውን ከፍቶ ከፊት መስታወቱ ስር ያለውን እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቆርቆሮ አሳያቸው። «ንጹሕ አየር የምትስበው በዚህ ነው፣ አባባ። የውስጡን አየር መልሶ የሚስበው መዝጊያ ዝጎ ከቀረ ቆይቷል፤ ያላት ይኸው ነው።» አባቴ ሌላ ቁንጥር እብቅ አነሱና ወንፊቱ ላይ በተኑት። ፋኑ ያጓራል፤ እብቁ ግን ተኝቷል። አንዲት ቅንጣት አልተነቃነቀችም።

አባቴ ጣታቸውን በቆርቆሮው ቀዳዳ አስገቡ። ከዚያ፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወጡና ያንን እጅ ያዩት ጀመር። ፊታቸው ተለወጠ። «ፍታው» አሉ።

መካኒኩ በካቻቢቴ ፈታው። «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እያለ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። በመጀመሪያ የወጣው አፈርና እብቅ ነበር፤ እንደ ድፎ ዳቦ ተጋግሯል። ባትሪ አብርተን ስናየው ንብርብር ነው። አባቴ በጣታቸው ሽፋን በሽፋን ገለጡት። «ይኼ ቀዩ የደሎ መና ነው። ይኼ የአጋርፋ ስንዴ። ይኼ ጥቁሩ የሐረና ቅጠል ነው፣ በስብሶ።» ከደሎ መና ቀይ አፈር በላይ የስንዴ እብቅ፣ ከእብቁ በላይ ደግሞ ሌላ ቀይ አፈር። የነዱት መንገድ ሁሉ እዚያች ጠባብ ጎሬ ውስጥ በየተራው ተኝቷል። ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ግን አይቼ አላውቅም። 

ከሁሉም ስር አይጥ የቦጫጨቀው ብርድ ልብስ ወጣ፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። ብርድ ልብሱ የተጠቀለለበት ጨርቅ ግን ናይለን ስለነበር አልበሰበሰም። አረንጓዴ ሻሽ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለበት።

«ማን ነው ይህን የወተፈው? መኪና እንዲህ ይታፈናል?» ብዬ ጮኽኩ። ቱግ አልኩ እንግዲህ።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ።

የጋራዡ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ነገሩን። እኔ አራት ዓመቴ ነበር። አዳዳ ዘንድ ከርሜ ሳንባ ምች ያዘኝ። አባቴ በዚህችው መኪና ሊያደርሱኝ ጎህ ሲቀድ ከደሎ መና ተነሡ፤ አዳዳ አቅፋኛለች። ሳነቴ ላይ በረዶ ጠበቃቸው። የነፋሱ መዝጊያ ያኔ ተሰብሮ አልዘጋ ብሎ ነበርና፣ ብርዱ በቀጥታ ደረቴ ላይ ይመጣል። አዳዳ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፣ ከብርድ ልብሷ ቀደደች፣ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። አባቴ በረዶው ጀርባቸውን እየወገረው ኮፈኖውን ከፍተው መግቢያውን ጥርቅም አድርገው ወተፉት። «ጎባ ሐኪም ቤት ስንደርስ ሞቆህ አልቦህ ነበር» አሉኝ።

«ከዚያስ? ለምን አላወጡትም፣ አባ?»

«ከዚያማ አንተ ዳንክ። ስትድን ረሳሁት፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።»

ምን ይባላል? አርባ ዓመት አልፎታል። እኔ በጨርቅ ስጠርገው የኖርኩት የመስታወት ጉም፣ ስማረርበት የኖርኩት የታፈነ መኪና፣ ሁሉም በእኔው ደረት ሰበብ የመጣ ነበር። ሰው እንደዚህ ተወድዶ ሳያውቀው እንዴት ይኖራል? መካኒኩ ፊቱን አዙሮ ቡሎን የሚፈልግ መሰለ፤ ቡሎኖቹ በሙሉ ግን እፊቱ ነበሩ።

የቀረውን ቀን የጋራዡ ሰዎች ሲያጸዱ ዋሉ። ከውስጥ ያለውን ማቀዝቀዣ በአየርና በውኃ አጠቡት፣ ወንፊቱን መለሱት። አባቴ እንደገና ቁንጥር እብቅ በወንፊቱ ላይ በተኑና «አስነሳት» አሉኝ። ፋኑን ስከፍተው እብቁ ብድግ አለና በአንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበ። ቀዳዳው ፊት ጎንበስ ሲሉ ነጭ ጢማቸው ወደ ኋላ ተነሣ። «በስመ አብ!» አለ መካኒኩ። አባቴ «ሱብሃነላህ» አሉ። እኔ የአየር ግፊት አስተማሪው ነፋስን ያን ቀን ገና እንደማየው እጄን ቀዳዳው ፊት ዘረጋሁ።

በማግስቱ ማልደን ወጣን። ሳነቴ ላይ እንደ ልማዱ ጉሙ መስታወቱን ሸፈነው፤ እኔም እንደ ልማዴ እጄን ወደ ጨርቁ ሰደድኩ። ሳልነካው ጉሙ ከታች ጀምሮ ራሱን በራሱ ገለጠ። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች አንድ በአንድ ወጡ፣ ከዚያ ሜዳው፣ ከዚያ ሰማዩ። ስንት ጊዜ ያለፍኩበትን ቦታ ገና ያን ዕለት ሙሉውን አየሁት። መኪናዋን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ አባቴም አልቸኮሉም።

ቆላው ሲጀምር መስኮቱን ዘጋሁ። ባለፈው ያዞርኩባትን ኩርባ ስናልፍ ከንፈራቸውን በሰረቅታ አየሁ። ደህና ናቸው። እንዲያውም ደሎ መና መግቢያ ላይ፣ ውጭ ሰው ጥላ ፍለጋ በሚሸሽበት ሙቀት፣ «ትንሽ ቀንሰው፣ በረደኝ» አሉ። ስቄ መንዳት አቃተኝ።

አዳዳ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘችና ወደዚያች ወደ ቀረችው ዓይኗ አስጠጋችው። ግንባራቸውን አየች፣ ጢማቸውን አየች፣ ጆሮአቸውን ሳይቀር አየች። «አልሐምዱሊላህ፤ አየሁህ። ከእንግዲህ ዓይኔ እንደፈለገች ትሁን» አለች። አባቴ አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሻሹን አጥበን ወስደንላት ነበር። እጇ ላይ ሳስቀምጥላት ዓይኗን አላስቸገረችም፤ ጫፉን ዳሰሰችና ፈገግ አለች። «ልጁ ዳነ?» ብላ ጠየቀች፣ ልክ ትናንት ከሳነቴ የወረደች ይመስል። ጸጉሬ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጌአለሁ። «ድኛለሁ፣ አዳዳ» አልኳት። ሻሹን ራሷ ላይ አሰረችው፤ አልመለሰችልንም።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ሳነቴ ላይ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ያዘን። መስታወቱ እንዳይሸፈን ፋኑን ከፈትኩ። ከመካከለኛው ቀዳዳ የሚወጣው ብርድ ደረቴን ሲመታኝ ይሰማኛል። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኛል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ፣ ወደ እኔ የዞረውን ቀዳዳ በመዳፋቸው ሸፈኑት፣ እንደዚያው ሆነው ቀሩ። ማጥፊያው እጄ ስር ነበር። ለመስታወቱ ነው እያልኩ እስከ ጎባ አላጠፋሁትም።