አውቶቡሱን ከሊማሊሞ ያወጣን ዕለት

ትእዛዙ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። «ሊማሊሞ ላይ የሕዝብ አውቶቡስ ተበላሽቶ ቆሟል። ሰው ሳይጎዳ አውጡት» ተባልን። ያን ክረምት የማኪና ክፍላችን ደባርቅ ሰፍሮ ነበር፤ የዘወትር ሥራችን ለሠራዊቱ ስንቅና ጥይት ማመላለስ ነው።

አለቃችን አምሳ አለቃ ደምሴ ይባላል። ኮሪያ አብረን ዘምተናል። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አንድ ካሚዮን፣ ወፍራም የመጎተቻ ብረት፣ ሰንሰለትና ጎማ የሚታገድባቸው ከወይራ የተጠረቡ ታኮዎች አስጫነን። ከደባርቅ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉሙ ገና አልተነሣም።

መንገዱ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በአንድ ወገን ተራራ ነው፤ በሌላው ወገን ዓይን መጨረሻውን አያገኘውም። አውቶቡሱ ከቆላው ወደ ጎንደር ሲወጣ ሞተሩ ሞቶ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። መንገደኞቹ እዚያው አድረዋል። ሾፌሩ ከጎማው ሥር ድንጋይ ደርድሮ፣ እሱንም ስላላመነ ፍሬኑን ረግጦ ነው ያነጋው። ስንደርስ እግሩ እየተንቀጠቀጠ አላቆም አለው።

ደምሴ የመንገዱን ጠርዝ በእግሩ መታ መታ አደረገ። አፈሩ ርሶ ይፈረፈራል።

«ሁሉም ይውረድ» አለ።

«ዝናብ ነው እኮ!» አለ አንድ መንገደኛ።

«ዝናብ አይገድልም።»

ሰዉ ወረደ። በአቋራጩ የእግር መንገድ ቀድመውን ወደ ላይ እንዲወጡ አደረግን፤ ከሚጎተት ማኪና በታች ማንም መቆም የለበትም። የቀሩት ከኋላው ወንበር ላይ የተቀመጡት አያ ይመር ብቻ ናቸው። የቆላው አገር ገበሬ ናቸው። እግራቸው አብጦ ባለቤታቸው ጎንደር ሐኪም ቤት ሊያደርሷቸው ነው።

«እኔ አልወርድም። ሰው ተሸክሞኝ ከምጓዝ እዚሁ ልሙት» አሉ።

ደምሴ ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እሺ አያ። እርስዎ ካልወረዱ ማኪናው አይነቃነቅም። እኔም አብሬዎት አድራለሁ።»

ባለቤታቸው በመስኮት ብቅ አሉ። «ምነው አንተ ሰውዬ! ይህ ሸጋ ልጅ እየለመነህ? ውረድ እንጂ!»

አያ ይመር ባለቤታቸውን ገላመጡ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉልን። ጋቢያቸውን ከሁለት የድንኳን ምሰሶ ጋር አስረን ቃሬዛ ሠራንላቸው። መንገደኞቹ እየተቀባበሉ ይዘዋቸው ወጡ።

የሾፌሩ እግር ለሥራ የሚሆን አልነበረም። ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «መሪውን አንተ ያዝ። በሩ ክፍት ይሁን።»

ያዝሁ። ሞተሩ የሞተ አውቶቡስ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ፍሬኑም አይታመንም። በላይ የሚባል ጓዳችንና የአውቶቡሱ ረዳት ታኮ ተሸክመው በተራራው በኩል ከኋላ ጎማ ጎን ለጎን ይራመዳሉ። ደምሴ አውቶቡሱን በመጎተቻው ብረት፣ ለመጠባበቂያም በሰንሰለቱ ከካሚዮኑ ኋላ አሰረና በአንደኛ ማርሽ አስነሣ። ብረቱ ተወጠረ። ተንቀሳቀስን።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ከፊቴ ጠመንጃ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ብረቱን ከካሚዮኑ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆርጧል። ሰንሰለቱ ለአፍታ ያዘና እሱም ተበጠሰ።

አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሄደ።

ፍሬኑን ረገጥሁ። አልያዘም። «ታኮ!» ብዬ ጮህሁ። የረዳቱ ታኮ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። መሪውን ባለኝ ጉልበት ወደ ተራራው ጠመዘዝሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ መዝለል እችል ነበር። ለምን እንዳልዘለልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጊዜ ስላልነበረኝ ይመስለኛል። በላይ ጎማው ሥር ታኮውን አስገብቶ ወደ ጎን ተወረወረ። አውቶቡሱ ታኮውን ነክሶ ዘመመ፤ ጀርባው ከተራራው ጋር ተላተመና ቆመ።

ፀጥ አለ። ቀጥሎ የበላይን ድምፅ ሰማሁ። «አለሁ! አንተስ?»

«አለሁ።»

ወርደን ኋላውን አየን። ከተራራው የወጣ ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገብቶ የኋላውን ወንበር አጣጥፎታል። አያ ይመር የተቀመጡበት ነው። ደምሴ ወንበሩን አየና ወደ ካሚዮኑ ሄደ። መለዋወጫ ፒን አወጣ፤ በተበጠሰው ሰንሰለት ምትክ ካቦ የሚባለውን የካሚዮኑን የሽቦ ገመድ ደርበን አሰርን። እንደገና ጀመርን።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገልጦ ነበር። መንገደኞቹ ዛፍ ሥር ተጠግተው ይጠብቁናል። ደምሴ ከካሚዮኑ ወርዶ መካከላቸው ቆመ።

«እያንዳንድህ አጠገብህ ተቀምጦ የነበረውን ሰው ፈልግ። አለ?»

«አለ!»

«የእኔም አለች!»

«ቄሱም አሉ!»

የአያ ይመር ባለቤት መጨረሻ ላይ መለሱ። «የእኔም አለ። ይኸው፣ ጭቃ ላይ አስቀመጡኝ ብሎ እየተቆጣ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። በጋቢ የተሸፈኑት አያ ይመር ራሳቸው ሳቁ። እኔ ዞር ብዬ ጎማውን የምመረምር መሰልሁ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ልጆቼ፣ ጦር ሜዳ ምን ይመስላል ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ኮሪያ ውስጥ ኮረብታ ይዘን ስናበቃ ስም ይጠራ ነበር። የተጠራው ካልመለሰ ጠሪው ትንሽ ይጠብቅና ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ጦር ሜዳ ማለት ጠሪው የሚጠብቃት ያቺ ጊዜ ናት። ሊማሊሞ ላይ ደምሴ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም መለሰ። የሞተ የለም።

አውቶቡሱን ደባርቅ አድርሰን፣ ሕመምተኛውን በሌላ ማኪና ወደ ጎንደር ሸኝተን ወደ ሰፈር ስንመለስ ደምሴ ካሚዮኑን በሩ ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ፣

«ዛሬ» አለ፣ «ለማንም ቤት መርዶ አንልክም።»