ምንጣፉን ያነበቡት ጋሽ ክፍሌ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ አምስተርዳም አጠገብ ዲመን ካለው ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላጥፍ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ሊያ ናት። እዚሁ ሆላንድ ተወልዳ ስላደገች ሰላምታ ላይ ጊዜ አታጠፋም። «ማሚ፣ ክለባችን አዲስ ዋና አሠልጣኝ ሊመርጥ ነው። ዘንድሮ መሸነፍ ብቻ ሆኗል። መራጭ ኮሚቴው ውስጥ እንድትገቢ ፈልገን ነበር» አለችኝ። ክለቡ ዘ ሄግ ያለ የክሪኬት ክለብ ነው። እሷ ዛሬ ቦርዱ ውስጥ ናት፤ እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ስንት ቅዳሜ እዚያ አሳልፌያለሁ።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» አልኳት።

«ኦኬ፣ በቃ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ደሜ ፈላ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ግድ የለሽም» ሳትለኝ! ቆይቼ ግን ሳቅ አመለጠኝ። ይህንኑ ነገር የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ ከእኔ በሚበልጥ ሰው ላይ ሲደርስ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ባለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። የቋንቋ አስተማሪዬ «ደች መናገር ከፈለግሽ ክለብ ግቢ» ብላ መከረችኝ፤ እዚህ አገር ሰው የሚተዋወቀው በክለብ ነው። ለቤቴ የሚቀርበው ደግሞ የክሪኬት ክለብ ሆኖ ተገኘ። ክሪኬት ምን እንደሆነ የማውቀው ነገር አልነበረም። ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት «የገና ጨዋታ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «እንደዚያ በይው» ብዬ ተገላገልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የክለቡን ካንቲና ያዝኩ። በሻይ ሰዓት ለሃያ ሁለት ወንድ አይብ በዳቦ ማዘጋጀት ነው ሥራዬ፤ ቋንቋውም በዳቦው መሀል እየገባኝ መጣ።

ለማያውቅ ሰው፣ ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ኳሷ መሬት ላይ ትነጥራለች፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታታል። የሆላንድ መሬት ግን ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ ኳስ አያነጥርም። ስለዚህ ያን ጊዜ ከወርዋሪው እስከ መቺው ድረስ ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ረጅም ምንጣፍ ይነጠፍ ነበር። ጠዋት ተጫዋቾቹ ያነጥፉታል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደ ቢራው ይሮጣል፤ ምንጣፉን የሚጠቀልሉት ጋሽ ክፍሌ ነበሩ።

ጋሽ ክፍሌን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ኮሌታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ይኖራሉ፤ ሥራቸው ትራም ማጽዳት ነው። አገር ቤት የታወቁ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። በወጣትነታቸው ህንድ አገር ሲማሩ ክሪኬት ተጫውተዋል። «ከህንድ ይዤ የመጣሁት ዲፕሎማና ይህን ሱስ ነው» ይሉ ነበር። ስለ ክለቡ ብነግራቸው ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ በባቡር እየመጡ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እየደረሱ፣ ምንጣፉን መጠቅለል ጀመሩ። ስለ ጨዋታው ግን ትንፍሽ አይሉም። አንድ ቀን ለምን ብላቸው «ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሆላንድ ከገቡ ጀምሮ የሚያውቁትን ነገር አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም። ከዚያ ወዲህ እኔ እየጠየቅኳቸው፣ ኳሷና እግሩ ምንጣፉ ላይ ከተዉት ምልክት የሚያነቡትን ለእኔ ብቻ ይነግሩኝ ጀመር።

በዚያ ዓመት ክለቡ በሽንፈት ላይ ሽንፈት ሆነበት። ከምድቡ መጨረሻ ከሆንን ሜዳውን ማዘጋጃ ቤቱ ለጎረቤቱ የእግር ኳስ ክለብ ሊሰጠው ነው ተባለ። አሠልጣኙም ተሰናበተ። የክለቡ ሊቀ መንበር ሃኔከ የምትባል ረጅም፣ አጀንዳዋን ከእጇ የማትለይ ሴት ነበረች፤ አዲስ አሠልጣኝ የሚመርጥ የሦስት ሰው ኮሚቴ አቋቋመች። እሷ፣ የቡድኑ አምበል ሱራጅ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እኔ። በእነሱ ደንብ ከሚሠሩት ወገን አንድ ሰው መኖር አለበት። እኔም ኩራቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ለስብሰባው አዲስ ሸሚዝ ሁሉ ገዛሁ።

ሁለት እጩዎች መጡ፤ አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከአምስተርዳም። ሁለቱም ጨዋታችንን ቁጭ ብለው ካዩ በኋላ ስለ መንፈስና ስለ ዲሲፕሊን አሳምረው ተናገሩ። ሱራጅ እያዛጋ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ሌላ ሰው አለ። ጨዋታ አላየም፣ ግን ኑና ምንጣፉ ጋ እዩት» አልኩ። ጋሽ ክፍሌን ሳላማክር ነበር የተናገርኩት።

ቅዳሜ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ሦስታችንም ወደ ሜዳው ወጣን። የፍልሰታ ጾም ነበር። ጋሽ ክፍሌ የካንቲናዬን አይብ ስለማይነኩ ቲማቲማቸውን በዳቦ በልተው፣ ጃኬታቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ የታጨደ ሣር ይሸታል። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ሲያደርጉ አያለሁ፤ መጀመሪያ ቆሻሻ የሚለቅሙ ነበር የመሰለኝ።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ለእኔ የሚነግሩኝን ለእነሱም ይንገሯቸው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩን። ከዚያ በዚያ ቀስ ባለ ደችኛቸው ጀመሩ። ኳሷ በቀይ ቀለም የተነከረች ቆዳ ናት፤ የነጠረችበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ቀይ ምልክት ትተዋለች። እሳቸው በጣታቸው ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየነኩ «ይህ በባሕሩ በኩል የሚወረውረው ግራኛችሁ ነው» አሉ። «እነዚህ ደብዘዝ ያሉት ምንጣፉ ደረቅ ሳለ ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ፣ ድንቅ ነው። እነዚህ የደመቁት ከሻይ በኋላ፣ ካፊያው ከመጣ ወዲህ ነው። እዩ፣ ሁሉም አጥረዋል፤ ቦታቸው ሳይደርሱ ነው የነጠሩት። ይህ ልጅ በሻይ ሰዓት ስንት ዳቦ ይበላል?»

ስድስት ይበላል። የማቀርብለት እኔ ነኝ። ሃኔከ ወደ እኔ ዞራ ስታየኝ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወደ መቺው ጫፍ ሄዱና ቃጫው የተበላበትን ቦታ በመዳፋቸው ዳበሱት። «የመጀመሪያ መቺያችሁ» አሉ፣ «ጥሩ ተጫዋች ነው። ግን እግሩ አንድም ጊዜ ወደ ፊት አልወጣም። ከሥር ያሉት የእሱ ዱካዎች ሁሉ መቺው ከሚቆምበት መስመር ኋላ ናቸው። ይህ ሰው ፊቱን ተመትቶ ያውቃል። ኳሷን ይፈራታል፤ ለማንም አልተናገረም።»

የመጀመሪያው መቺ ራሱ ሱራጅ ነበር። ጋሽ ክፍሌ ግን ሲጫወት አይተውት አያውቁም። ሱራጅ እጁን ወደ መንጋጋው ሰደደ። ባለፈው ዓመት እዚያ ላይ ተመትቶ ሁለት ጥርሱ ወልቋል። ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ክው አልኩ። ስንት ጊዜ ሲያነቡ ሰምቻቸዋለሁ፣ የሰው ፍርሃት ከምንጣፍ ላይ ሲያነሱ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። እንዲህ ያለ ሰው ትራም ሲያጸዳ ይውላል ብዬ ሳስብ ደግሞ ሆዴ ባባ።

ሃኔከ ጊዜ አላጠፋችም። «ክፍሌ፣ አሠልጣኛችን ትሆናለህ?» አለች።

ጋሽ ክፍሌ ፊታቸው በራ፤ አየሁት። ወዲያው ግን እጃቸውን አወናጨፉ። «ኧረ አይሆንም። እኔ ሽማግሌ ነኝ። ወጣት ፈልጉ።»

«ግልጽ ነው» አለች ሃኔከ። «ያሳዝናል። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።» አጀንዳዋ ላይ አንድ ነገር ሰረዘችና ወደ ካንቲናው ሄደች።

የጋሽ ክፍሌ መዳፍ ምንጣፉ ላይ ቀረ። የአገሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መግደርደር ነበር የተግደረደሩት። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት ሥራ እንደመለመን ነው። እዚያው ቆሜ «እየተግደረደሩ ነው» ብላት ደግሞ እኒያን የተከበሩ ሰው ራቁታቸውን ማቆም ይሆንብኛል። እስከ ትራሙ አብረን ሄድን። ከተቀመጥን በኋላ በመስኮቱ እያዩ «ጨዋ ሴት ናት። ቶሎ ይገባታል» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሃኔከ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «እንደገና ጠይቂያቸው» አልኳት።

«እምቢ አለ እኮ። እምቢ ያለን ሰው መጨቅጨቅ እኛ ጋ ነውር ነው።»

«እኛ ጋ ደግሞ በአንዱ እምቢታ መተው ነው ነውሩ። አልፈለጉኝም ይላሉ።»

እንደ ማሰብ አለች። «ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። «ሦስት» አልኩ ዝም ብዬ። አጀንዳዋን አወጣችና ጻፈችው። «አንዱን ጠይቄያለሁ። ስለዚህ ሁለት ይቀረኛል» አለች፤ እየቀለደች አልነበረም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ነጭ ሱሪዋን ለብሳ መጣችና እርጥቡ ሣር ላይ ተንበርክካ ምንጣፉን ከጋሽ ክፍሌ ጋር መጠቅለል ያዘች። እኔ በወዲያኛው በኩል ነበርኩ። «ክፍሌ፣ አሠልጣኛችን እንድትሆን እፈልጋለሁ» አለች። «ጉልበቴም አይችል፣ ተይኝ» አሉ። ሃኔከ አልተነሣችም። አንድ ሜትር ያህል ጠቀለለች፤ ጉልበቷ ላይ አረንጓዴ ቀለም ወጥቷል። ያቺ ለደቂቃ የምትሰስት ሴት፣ ያልገባትን ሥርዓት እንደዚያ በትዕግሥት ስትፈጽም ሳይ በእሷም ተደነቅኩ። ከዚያ ሦስተኛውን ጠየቀች፦ «ያለ አንተ አይሆንልንም። እባክህ።»

ጋሽ ክፍሌ መጠቅለሉን አቆሙ። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንቺ ነሽ የነገርሻት?» አሉኝ በአማርኛ። እኔ የምንጣፉን ጠርዝ ማስተካከል ያዝኩ። ዞር ብለው በደችኛ «ልምምዱ ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው?» አሏት። መልሷን ሳይጠብቁ የተጠቀለለውን ምንጣፍ መልሰው ዘረጉትና «እስቲ ሱራጅን ጥሩልኝ» አሉ።

ዋንጫ አላገኘንም። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆንን፤ ሜዳው ግን ዛሬም የእኛ ነው። ጋሽ ክፍሌ ጉልበታቸው እስኪደክም ስድስት ዓመት አሠለጠኑ። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ከወጥ ቤት ጠርተው ምንጣፉ ላይ አንድ ዱካ አሳዩኝ፤ ከመስመሩ ስንዝር ያህል ወደ ፊት የወጣ። የሱራጅ እግር ነበር። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አጠገቡ ቁጢጥ ብለን አየነው። አሁን ካረፉ ቆይተዋል፤ ምንጣፉም በፕላስቲክ ተተክቷል። እኔ ግን በዚህ አገር ስንት አዋቂ ሰው አንድ ጊዜ ተጠይቆ፣ አንድ ጊዜ ተግደርድሮ፣ ስሙ ተሰርዞ እንደቀረ አስባለሁ። እኔስ ያንን ሁሉ በዐይኔ አይቼ ዘንድሮም ያው ነኝ።

ነጠላዬን አጥፌ ሳልጨርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ማሚ» አለች ሊያ፣ «ሃኔከ እዚህ አጠገቤ ናት።» ሃኔከ ዛሬ ሰማንያን አልፋለች፤ ሜዳውን ግን አልተወችም። «እምቢ አለች ብላት ‹ገና ሁለት ይቀርሻል› አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? ... እሺ፣ ልጠይቅሽ መሰለኝ። ኮሚቴው ውስጥ ትገቢያለሽ?»

«ኧረ ተዪኝ፣ እኔ አሮጊቷ» አልኳት።

ስልኩን ግን አልዘጋሁትም።