የመስታወቱ ንጉሥና የአያቴ ወንበር

ሸሕዲ ላይ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩት አያቴ ባለፈው ሳምንት አረፉ። ለአጎብዳጅ ያላቸው ንቀት ልክ አልነበረውም። ሁሌም የሚያነሱት ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን አንድ የፈረንሳይ ንጉሥ ነው። ሰውዬው ገላዬ መስታወት ነው ብሎ፣ እንዳይሰበር ልብሱ ውስጥ ብረት ያሰፋ ነበር።

«እሱስ ታሞ ነው» ይሉ ነበር አያቴ። «እኔ የምንቀው፣ ‹ቀስ በሉ፣ ንጉሡ እንዳይሰበሩ› እያሉ ዙሪያውን የሚሽቆጠቆጡትን ነው።»

በሠልስቱ ዕለት፣ አጫጆቹን በጠራራ ፀሐይ ውሃ የሚከለክል አንድ የሰሊጥ ባለሀብት ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ሙሉ ብድግ አለ። ማንም ያልተቀመጠባትን የአያቴን ወንበር በነጠላቸው ጠርገው፣ «ቀስ ይበሉ ጌታዬ» እያሉ ደግፈው አስቀመጡት። ሰውዬው ጎልማሳ ነው፤ እግሩንም አላመመውም። ግራና ቀኝ የደገፉት ሁለቱም አያቴ ያስተማሯቸው ናቸው።