ሳይመዘን የጸዳው ዓሣ

ልጄ ባለፈው ዓመት ከውድድሩ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ ወርውራ ቀጥታ ክፍሏ ገባች። እኔ ከሥራ ገና መግባቴ ነበር። ተከትያት ሄጄ «እንዴት ነበር?» ብላት፣ ፊቷን ትራስ ውስጥ እንደቀበረች «ቦርዱ ላይ የሁሉም ሰው ስም አጠገብ ነምበር አለ፤ የኔ ብቻ ብላንክ ነው» አለችኝ። ያን ቀን አንድም ዓሣ አልመታችም። ከሃያ ምናምን ልጅ ባዶ እጇን የተመለሰች እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ዘንድሮ የፈለገችው ዋንጫ አይደለም። ከስሟ አጠገብ አንድ ቁጥር እንዲጻፍላት ነው።

ውድድሩ ምን እንደሆነ ልናገር። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች ጀልባ ፊት ላይ ቆመው ዓሣ በቀስት ይወጋሉ። ፍላጻው ጫፉ መንጠቆ አለው፣ ጭራው ላይ ረጅም ሲባጎ ታስሯል፤ ዓሣው ከተመታ በሲባጎው እየሳቡ ያወጡታል። መጀመሪያ ስትነግረኝ በሳቅ ፈነዳሁ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ እዚህ አገር እስክመጣ ዓሣ የማውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው። አሁን ግን ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው ጎዳና ላይ ባለ አንድ ትልቅ የምግብ ገበያ ዓሣ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ያልከፈትኩት ሆድ፣ ያልፋቅኩት ቅርፊት የለም። «ቀስት ምን ያደርጋል? እኔ ጋ በረዶ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሽ የለም ወይ?» አልኳት። አልሳቀችም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በእናቷ ቀልድ አትስቅም።

ነገሩን የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጡረታ የወጡ፣ ጀልባ ያላቸው፣ ቅዳሜያቸውንና ቤንዚናቸውን ለማያውቋቸው ልጆች ብለው የሚያጠፉ ሰዎች። የልጄን ጀልባ የሚነዱት ድሮ ነርስ የነበሩ ሴትዮ ናቸው። ልጄ ፍላጻ ከመልቀቋ በፊት ሁልጊዜ «ቢስሚላህ» ስትል ሰምተው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቋት። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ባዩ ቁጥር ከእሷ ቀድመው «ቢስሚላህ!» የሚሉት እሳቸው ሆኑ።

ከመጋቢት ጀምሮ በየእሑዱ ሴትዮዋ ግቢ ወስጃታለሁ። ሕፃናት የሚንቦጫረቁበት የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ጠርሙስ አስጥመው ያለማምዷታል። ውኃ ዓይን ያታልላል፤ ዓሣው ያለው ከምታዪው ቦታ ዝቅ ብሎ ነው፣ ስለዚህ ዝቅ አድርገሽ አነጣጥሪ ይሏታል። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ አያለሁ። አርባ ጊዜ ስታ አንድ ጊዜ ስትመታ ክላክስ አደርጋለሁ፣ እሷ በእጇ ተይ ትለኛለች።

ዘንድሮ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እኔም በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ተመዘገብኩ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «ማሚ፣ ፕሊዝ፣ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ኦኬ? ምንም ነገር ፊክስ አታድርጊ» አለችኝ። ወላሂ ብዬ ቃል ገባሁላት። ፎርሙ ላይ «ምን መሥራት ይችላሉ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ «ዓሣ ማጽዳት» ብዬ ሞላሁ።

ቅዳሜ በእነሱ ሰባት፣ በእኛ አንድ ሰዓት ላይ ኬኔሶ ከምትባለው ከተማ ወዲያ ካለው ሐይቅ ዳር ደረስን። ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሱኝ፣ ጓንት ሰጡኝ፣ ውኃው አጠገብ ካለ ጠረጴዛ ኋላ አቆሙኝ። የውኃ ጎማ አለ፣ መክተፊያ አለ። ቢላዋዬን ከቤት ይዣለሁ፣ በሰው ቢላዋ አልሠራም። ትንሽ ቆይቶ ዳኛው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ሽማግሌ፣ ሁሉንም ሰብስበው ደንቡን ማስረዳት ጀመሩ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሳምቡሳ እያዞርኩ ነበር። ስልሳ የምስር ሳምቡሳ ጠብሼ መጥቻለሁ፤ ሰው በባዶ ሆዱ ቆሞ ደንብ ሲሰማ፣ ሳምቡሳው ሲቀዘቅዝ እያየሁ ዝም ልበል? «አንድ ብቻ፣ በሞቴ!» እያልኩ ሰዉን ስዞር ዳኛው ራሳቸው አፋቸው ሞልቶ ንግግራቸውን አቋረጡ፣ ሰውም ሳቀ። ደንቡ እንደዚያ አለፈኝ። የሰማሁት ነገር ቢኖር ካርፕ የሚባለውን ዓሣ እዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ስለማይበላው ለአንድ ገበሬ ማዳበሪያ እንደሚሰጥ፣ መብላት ለሚፈልግ ግን እኔ እንደማጸዳ ነው።

ማዳበሪያ! እኔ የምሠራበት ቦታ ሰው ለካርፕ ይሰለፋል። ልጄ የወጋችው ዓሣ፣ እኔ እናቷ ቢላዋ ይዤ በቁሜ እያለሁ፣ የበቆሎ ማሳ ላይ ሊበተን ነው? ብቻዬን ተብከነከንኩ።

ጀልባዎቹ ሄዱ። ልጆቹ እስከ ቀትር፣ ዓሣ ባገኙ ቁጥር መጥተው ማስመዘን ይችላሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም የመጀመሪያው ጀልባ ብቅ ሲል ነርሷ ከሩቅ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ልጄ ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ትጮኻለች። አንድ ካርፕ በሁለት እጇ ታቅፋለች፣ ጅራቱ ጉልበቷን ይመታል። «ማሚ! ቦርዱ ላይ ገባሁ! ኦ ማይ ጋድ፣ ገባሁ!» ዓሣውን ጠረጴዛዬ አጠገብ ካለው ገንዳ ውስጥ አስቀመጠች። ጠዋት ከተነሳን ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄደችም። «ያዢልኝ፣ መጣሁ፣ አብረን ነው የምናስመዝነው» ብላ ሮጠች። ነርሷም ጀልባዋን ሊያስሩ ሄዱ።

እኔና ዓሣው ቀረን። አነሳሁት፤ እጄ ሚዛን ነው፣ ከአሥራ አራት ፓውንድ አያንስም። ጭቃ ነክቶታል፣ ደም ነክቶታል። እንዲህ ያለ ዓሣ ለእኒያ ሽማግሌ ዳኛ እንደዚሁ ሊሰጣቸው? በእኔ ቤት ለትልቅ ሰው ያልታጠበ ብርቱካን እንኳ አይሰጥም። ቢላዋውን ሳነሳ ማሰቤን አላስታውስም። ቅርፊቱን ፋቅኩ፣ ሆዱን ከፈትኩ፤ እንቁላል የሞላባት ሴት ናት፣ ማሻአላህ፣ እንቁላሉን ለራት ብዬ በኩባያ አስቀመጥኩ። ሆድ ዕቃውን ዳር ዳሩን የሚዞሩ ነጫጭ ወፎች ሲጮኹብኝ በተንኩላቸው። ግራና ቀኙን ቅመም እንዲገባለት በቢላዋ ተለተልኩት። በጎማው አጠብኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አቤት ማማሩ! በትሪ አድርጌ እየተንጎራደድኩ ለዳኛው ወሰድኩላቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እመቤቴ፣ እንዲህ የጸዳ ካርፕ ዕድሜ ልኬን አላየሁም» አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱና «ግን ልመዝነው አልችልም» አሉኝ። ደንቡ ዓሣው ሙሉ ይሁን ነው የሚለው። ጠዋት ሦስት ጊዜ ነው የተናገሩት።

መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን እኔ ስደነግጥ የምከራከር ሰው ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ ምን አጠፋች አልኩ። ሆድ ዕቃው ይጨመርና ይመዘን አልኩ። «የት አለ?» ሲሉኝ ወደ ወፎቹ ጠቆምኩ። እንቁላሉን በኩባያ አመጣሁ፣ ይኸውና ይህም የሷ ነው አልኩ። ቆመው የነበሩ አንድ ሁለት አባቶች ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ ሐይቁ ዞሩ። ዳኛው አልሳቁም፣ አዝነውልኛል፣ ግን ለአንዱ ቢፈቅዱ ለሁሉም መፍቀድ እንዳለባቸው ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። ያም ሆኖ ስልሳ ሳምቡሳ አብልቼ አንድ ዓሣ የማይመዘንልኝ ለምንድን ነው የሚል የማይረባ ሐሳብ በልቤ አልፏል፣ አልዋሽም።

ያኔ ልጄ መጣች። ትሪውን አየች። እኔን አየች። «ማሚ» አለች። ብትጮህብኝ በወደድኩ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ ወደ ዳኛው ዞራ በእንግሊዝኛ ስንት ደቂቃ እንደቀራት ጠየቀች። ጀልባዎቹ እስከ ቀትር ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበራቸው፣ ነገር ግን ዝናብ እየመጣ ስለሆነ ሰዓቱ እንዲያጥር ተወስኗል፤ የቀራት አንድ ሰዓት ነው። «እችላለሁ ካልኩ እችላለሁ» አለችኝ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ወይም ለራሷ ነው የተናገረችው። ነርሷ ገመዱን ፈቱ፣ ቢስሚላህ አሉና ሞተሩን አስነሱ።

አንድ ሰዓት ባዶ እጅ መቆም ለእኔ ቅጣት ነው። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ወፎች ለቀሙት። ደግሞ ይህ የዛሬ ብቻ አይደለም። አራተኛ ክፍል እያለች የእሳተ ገሞራ ፕሮጀክቷን ልጅቷ ተኝታ እኔ ነኝ የጨረስኩት፤ አስተማሪዋ ጥሩ ውጤት ስትሰጣት ልጄ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ እንዳልለጥፍ ደበቀችው። የጫማዋን ክር እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሥራ ስለምሮጥ፣ ጊዜ ስለሌለኝ፣ እኔ ሳደርገው ቶሎ ስለሚያልቅ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለኔ ነው። «ምንም ነገር ፊክስ አታድርጊ» ያለችኝ ስለ ዓሣው ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፣ አፈርኩም።

ዳኛው አንድ ሳምቡሳ ይዘው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የበኩር ልጃቸው በልጅነቱ ሲወዳደር እሳቸው ራሳቸው ከኋላው ሆነው ቀስቱን ስለሳቡለት ከውድድር እንደወጣ ነገሩኝ። «ሁለት ወር አላናገረኝም» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሁለት ወር የሚለው ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ሌሎቹ ጀልባዎች አንድ በአንድ ገቡ። ልጆቹ ዓሣቸውን አስመዘኑ፣ ቦርዱ በቁጥር ሞላ። የልጄ ስም አጠገብ አሁንም ባዶ ነው። ስምንት ደቂቃ ሲቀር ሰማዩ ጠቁሮ የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ ወረደ። አላህን የለመንኩትን አልናገርም፣ ለካርፕ እንዲህ ይለመናል ወይ የሚለኝ ሰው ይኖራል።

ከዚያ ሞተር ሰማሁ። ጀልባዋ ገና ሳትቆም ልጄ ዘላ ወረደች፣ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገባች። ዓሣ ታቅፋለች። ትንሽ ነው፣ የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ዳገቷን ስትወጣ ጭቃው አዳለጣት፣ በአንድ ጉልበቷ ወደቀች። እግሬ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ እጄ ተዘረጋ። ዓይኗን አየሁና ቆምኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በአንዱ ሌላውን ያዝኩት። ዓሣውን ሳትለቅ ተነሳች፣ አጠገቤ አለፈች፣ ሚዛኑ ላይ ራሷ አስቀመጠችው።

«አምስት ፓውንድ ከሁለት አውንስ» አሉ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጻፉት። ሰው አጨበጨበ፣ ነርሷ አለቀሱ። አራተኛም አምስተኛም አልወጣችም። ልጄ ቦርዱ ፊት ቆማ ዝናብ እየመታት ቁጥሩን ታያለች። ቀለሙ እንዳይታጠብ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። እኔ ከሩቅ ሆኜ እንባዬ ወረደ፣ ደስታ ነው።

ትንሽ ቆይታ ዓሣውን ተሸክማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቢላዋው እጄ ላይ ነው። የት ጋ እንደሚቆረጥ ዓይኔ ከወዲሁ አይቷል።

«ላጽዳው?» አልኳት። ይህችን ልጅ አንድ ነገር ከማድረጌ በፊት ጠይቄያት አላውቅም፣ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

አሰበች። «ኖ» አለች። «አሳዪኝ፣ እኔ ልሥራው።»

ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙሬ ሰጠኋት። ከየት እንደምትጀምር በጣቴ አሳየኋት። ሆዱን ስትከፍት መስመሩ ተጣመመ። ዝም ብዬ ቆምኩ።